አዳራሹን በብሎኬት አትከፋፍሉት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትህ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው ያው መኪና ማቆሚያው ነው፤ ከናፍቆታችሁና ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም።

አባባ ባሕር ዳር ላይ በካሴት ፊልም ያሳይበት ስለነበረው ቪዲዮ ቤት የላክኸውን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ነጋዴው ቤቱን ተከራይቶ አራት ሱቅ ሊያደርገው መፈለጉን፣ እታለም ደግሞ «የአባቴ መታሰቢያ ነው፣ ማንም አይነካውም» ብላ መቆጣቷን፣ አንተም በመሀል መቸገርህን ተረድቻለሁ። ወራሾች ሁሉ ካልፈረምን ውሉ አይጸናም ብለሃል። ሐሳቤን ልጻፍልህ፤ ትንሽ ይረዝማልና ቡናው እስኪፈላ አንብበው። ለእታለምም አንብብላት፤ የምትቆጣበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዝለለው።

እታለም የምትለው አልጠፋኝም። ጥጥ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ከፋብሪካው ፈረቃ በቀጥታ የሚመጡት ሠራተኞች፣ ከዘጌ በታንኳ እንጨት አምጥተው የሸጡ ሰዎች፣ የፖሊቴክኒክ ተማሪዎች፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ነበር የሚቀመጡት። መብራት ጠፍቶ አባባ የጄኔሬተሩን ገመድ ሲጎትት አዳራሹ በጭብጨባ ያግዘው ነበር። ምስሉ መንገጫገጭ ሲጀምር ደግሞ የዴኩን፣ የካሴት ማጫወቻውን፣ ክዳን ፈትቶ፣ ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ተሽከርካሪ ጭንቅላት ወደ ጎን ብቻ ያብሰዋል። «ወደ ላይና ወደ ታች ካሸኸው ሰበርከው» እያለ ለአንተ ሲያስተምር እኔ ባትሪ እይዝ ነበር። የሕንድ ፊልም ሲሆንማ ከኋላ ቆሞ ታሪኩን ሁሉ ራሱ ይተርክልን ነበር፤ አንድም ቃል ሂንዲ ሳያውቅ! የእማዬ የንስሐ አባት ሲያልፉ ፊታቸውን የሚያዞሩትን አስታውሳለሁ። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ የጠራ ሕዝብ ልጅ ናቸውና አልፈርድባቸውም።

እንዲህም ሆኖ ቤቱ ተዘግቶ ለመታሰቢያ ይቀመጥ በሚለው አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ የማስረዳህ እዚህ ካየሁት ተነሥቼ ነው። የምጽፍልህ የዚህ አገር ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ከምሠራበት ብዙም ሳይርቅ ሲልቨር የሚባል የቆየ ሲኒማ ቤት አለ። ጆን ኤበርሰን የሚባል አርክቴክት ነድፎት በ1938 ተከፈተ፤ በ1984 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዝም ብሎ ቆመ፤ ሊፈርስም ተቃርቦ ነበር። የዘመኑን ሕንፃዎች የሚወዱ ሰዎች ማኅበር ተሟገተለት፣ የአውራጃው መስተዳድር ገንዘብ አወጣለት፣ የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩትም በ2003 ሥራ አስጀመረው። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ሲከፈት ከሺህ በላይ ሰው ይይዝ የነበረው አዳራሽ ዛሬ አራት መቶ ያህል ነው የሚይዘው። ሌላውን ሰው በጎኑ በተሠሩ ትንንሽ አዳራሾች ያስተናግዳሉ። በየዓመቱ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ሲኖር ሐበሻው ሁሉ ለብሶ ይመጣል። እኔም መኪናቸውን አስቆማለሁ፤ ትኬት የምቆርጠው ግን ፈረቃዬ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ደግሞ አቫሎን የሚባል አለ፤ የ1923 ቤት ነው። በ2001 ያስተዳድረው የነበረው ድርጅት ሲከስር የሰፈሩ ነዋሪዎች ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አቋቁመው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው በሁለት ዓመት ውስጥ መልሰው ከፈቱት። የኛ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በዩ ጎዳና ያለው ሊንከን በ1922 ነው የተከፈተው፤ ጥቁሮች ከነጮች ጋር መቀመጥ በማይፈቀድላቸው ዘመን የጥቁሮች መዝናኛ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደል ከተማው በእሳት ነደደ፤ ያ ሰፈርም ለብዙ ዘመን አላገገመም። ሊንከን ተዘግቶ ቆይቶ በ1994 እንደገና ተከፈተ፤ አሁን የሙዚቃ ዝግጅት ይበዛበታል። ቲቮሊ የሚባለው በ1976 ተዘግቶ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ2005 ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ቴአትር ቤት አደረጉት። አፕታውን የሚባለው ግን፣ የ1936 ቤት ነው፣ ፊልም የሚታይበት ግዙፍና ጎባጣ መጋረጃው በከተማው ሁሉ የታወቀ ነበር፤ በ2020 ኮሮና ሲገባ ተዘጋ። ጆርጅታውን ያለው ባዮግራፍም በ1996 ተዘግቶ መድኃኒት መሸጫ ሆነ። አንድ ቀን ለራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ገብቼ ሻምፖ በተደረደረበት መደርደሪያ መሀል ቆሜ መጋረጃው የት ነበር ብዬ ብፈልግ ምልክቱም የለም።

አየህ፣ እነዚህን ቤቶች ያተረፋቸው ናፍቆት አይደለም። ናፍቆትማ ባዮግራፍም ነበረው። ሰው በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን ቤቱ ሲያስገባ፣ ከከተማ ወጥቶ መኖር ሲጀምር፣ ገበያ አዳራሾቹ ውስጥ አሥር ፊልም በአንዴ የሚያሳዩ ሲኒማዎች ሲከፈቱ፣ ባለ አንድ መጋረጃው ቤት ገቢው ከቦታው ዋጋ አነሰ። ቦታው ከትኬቱ ሲበልጥ ማን ይከላከላል? ወይ መስተዳድር፣ ወይ ማኅበር፣ ወይ ሌላ ሥራ። እኛ ሁለቱ የሉንም፤ የቀረን ሦስተኛው ነው። እንደገና ሊከፈቱ የቻሉት ደግሞ ተዘግተው በቆዩበት ዘመን ሁሉ ውስጣቸው ያልተቆራረጠው ናቸው። ቲቮሊ ያን ያህል ዘመን ባዶውን ሲቆም ጣሪያው ጣሪያ፣ አዳራሹም አዳራሽ ነበር።

የኛ ከተማ የባሕር ዳር ዕድሏ ግን ሌላ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት አላት፤ አስመራ በፈረንጆች የ1937ቱ ሲኒማ ኢምፔሮ አላት፤ አዲስ አበባም ከዚያው ዘመን የተረፋት አለ። ባሕር ዳር ከተማ ከተማ መሽተት የጀመረችው ጨርቃ ጨርቁ በ1953፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955 (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው) ከተከፈቱ ወዲህ ነው። ስለዚህ ፊልም ወደ ሰፈራችን የገባው በእብነ በረድ ደረጃ ሳይሆን አባባ በጭቃና በቆርቆሮ በሠራው በር ነው። ሲኒማን ቪዲዮ ቤት ገደለው ሲሉ እሰማለሁ። ባሕር ዳር ላይ ግን አብዛኛው ሰው ሲኒማን ያወቀው በቪዲዮ ቤት ነው፤ በኋላ የአማርኛ ፊልም ለማየት ሙሉዓለም አዳራሽ የተሰለፈው ያ ተመልካች አይደለም እንዴ? ቪዲዮ ቤቱን ዲሽ ሲገድለው አንተ የእንግሊዝ ኳስ አስገባህበት፤ እሱም ስንት ዓመት አበላን። አሁን ፊልሙም ኳሱም በየሰው ስልክ ውስጥ ነው፤ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ የሚገባበት ወቅት ነው። ይህንን ለአንተ አልነግርህም፤ አንተ ነህ የምትኖረው።

ስለዚህ ይከራይ። ውክልናውን ከኤምባሲው አስጨርሼ እልክልሃለሁ፤ እዚህ ከተፈረመ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ከዚያም የሰነዶች ማረጋገጫ መሄድ አለበትና የአክስታችን ልጅ እንዲያስፈጽም ነግሬዋለሁ። ግን ውሉ ላይ ይህ ይግባልኝ፤ ተከራዩ ውስጡን በብሎኬት አይከፋፍልም። መክፈል ከፈለገ በቺፑድ ወይም በአሉሚኒየም ይክፈል፤ ሲወጣ ነቅሎት ይሂድ። የመሀሉን ምሰሶ አይነካም፣ ከመንገድ በኩል ካለው በር ሌላ በር አይሰብርም። ዘመኑም ከሦስት ዓመት አይለፍ። «ለዚህ ኪራይ እቀንሳለሁ» ካለ ይቀንስ፤ ልዩነቱን እኔ እችላለሁ። አንተ ደግሞ አዝነህ አምስት ዓመት እንዳትፈርምለት፤ ልብህን አውቀዋለሁ።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቂያለሽ ትለኝ ይሆናል። የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ በ1993 በፈረንጆች «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ የሚያከፋፍልለት አላገኘም። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ አዳራሽ በገንዘቡ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ራሱ አሳየው፤ ሰዉም ተሰለፈ። እዚህ ጆርጂያ ጎዳና ላይ በዚያው በፊልሙ ስም የከፈቱት የመጻሕፍት መደብር እስካሁን አለ። አዳራሽ የሚያከራየው ባያገኝ ኖሮ ያን ፊልም የት ያሳየው ነበር? ነገ ባሕር ዳር ላይ አንድ ልጅ ፊልም ሠርቶ መቶ ሰው የሚያስቀምጥበት ቢፈልግ ምሰሶውና ጣሪያው ይቆየው ነው የምለው። ኪራዩን ግን ይክፈል፤ ለጥበብ ተብሎ ነጻ የለም፤ አባባም ለዘመድ እንኳ ነጻ አላስገባም።

ካሴቶቹን በሚመለከት እታለም ትክክል ናት፤ እነሱ አይጣሉ። የፊልሞቹ አያሳስቡኝም፤ የትም ይገኛሉ። አባባ በሰፈሩ ሠርግና ጥምቀት እየዞረ የቀረጻቸው ግን ሌላ ቅጂ የላቸውም። ሐይቁ ዳር እርጥበት ስለሚበዛ ከመሬት አንሷቸው፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርገህ ደርድራቸው እንጂ አትከምራቸው። በመስኮቷ በኩል ሪቫኑ ላይ ነጭ ሻጋታ ካየህ ዴክ ውስጥ እንዳታስገባው፤ ዴኩንም ካሴቱንም ያበላሻል፣ ቀጥሎ የምታስገባውንም ይበክላል። ደህናዎቹን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው እዚያው ካገኘህ ዋጋውን ንገረኝ፤ ካጣህ ለሚመጣ ሰው ሁለት ሁለት እያደረግህ ላክልኝ። የእኅታችንን ሠርግ አስቀድም፤ ላዩ ላይ ኳስ ካልቀዳህበት።

ለእማዬ መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ በባንክ አስገብቻለሁ፤ ዓርብ ዕለት እይ። ነጋዴው የሚልህን እንደሰማህ ጻፍልኝ፤ ማታ ከሥራ ስለምወጣ ባትደውል ይሻላል፣ ያንተ ንጋት ለኔ እኩለ ሌሊት ነው።

እህትህ