የብር ሳንቲም በጥርስ ሳሙና አይፈተግም!

ውድ አዘጋጅ፣

አሮጌ የብር ሳንቲም በጥርስ ሳሙና ወይም በቤኪንግ ሶዳ ፈትጉ የሚለውን ምክር በእናታችሁ ተዉት። ያብለጨልጫል፣ እሱስ እውነት ነው፤ ግን በአጉሊ መነጽር ስታዩት ፊቱ በሙሉ ተጭሯል፣ የሳንቲም ሰብሳቢ ደግሞ ገና ሲያየው ነው የሚነቃው፣ ዋጋውም ያኔውኑ ይወርዳል።

ቆሻሻው ቅባት፣ የፕላስተር ሙጫ ወይም ከፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ማስቀመጫ የተረፈ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ከሆነ ንጹህ አሴቶን (ቅባትና ሙጫ የሚያሟሟ ፈሳሽ) ይበቃል። ብሩን አይነካውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ሽቶና ዘይት ስለሚጨመርበት ሌላ ጣጣ ትቶ ይሄዳል። ሳንቲሙን በብርጭቆ ዕቃ ነክሮ መተው (አሴቶን አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሟል)፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ በአዲስ አሴቶን ማለቅለቅና ሳያሹ እንዲደርቅ መተው፣ በቃ። መስኮት ይከፈት፣ ሲጋራም ሆነ ምድጃ አጠገቡ አይድረስ፤ ትነቱ እሳት ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም።

ጥቁረቱ አልለቅ ካለ አትናደዱ። እሱ ቆሻሻ አይደለም፣ ብሩ ከድኝ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ሽፋን ነው። አሴቶን አያነሳውም፣ እናንተም አትታገሉት፤ እንዲያውም ብዙ ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱኑ ነው።

አንድ አንባቢያችሁ