በረዶው የለቀቀው መሬት

ናይሮቢ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ሲያምዎ የከረመውስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ያን ሁሉ ዳገት የወጣኸው ባዶ ድንጋይ ለማየት ነው?» ብለው ሲስቁብኝ፣ መልሴን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። የወጣሁት ኬንያ ተራራ ነው። በቴሌኪ ሸለቆ በኩል አድርገን፣ ቲንዳል የሚባለው የበረዶ ግግር ካለበት ሥር ደረስን። ያ ግግር ከዓመት ዓመት እየቀለጠ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የሚለቀውም መሬት ጠጠርና የተፈጨ አለት ብቻ እንጂ አፈር የሚባል የለበትም። እኔም የሄድኩት እዚያ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚበቅል ለማየት ነበር።

ከበረዶው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ትልቅ ድንጋይ ጥግ፣ ቅጠሏ ጸጉራም የሆነ ቢጫ አበባ አገኘሁ። መጠሪያዋ ሴኔሲዮ ኬኒዮፊተም ሲሆን፣ ዘሯ ቀላልና ጸጉር ያለው ስለሆነ ነፋስ ያደርስላታል። አብረዋት ከሚደርሱት መካከል የድንጋይ ሽበት፣ አንድ የሣር ዓይነትና አራቢስ አልፒና የምትባል ነጭ አበባ ይገኛሉ፤ ይህችኛዋ የጎመን ዘመድ ናት።

እንደ እውነቱ ከሆነ ዘሩ መድረሱ ቀላሉ ነገር ነው፤ ከባዱ ሥር መስደዱ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ቁር ነው። ማለዳ ከድንኳኑ ወጥቼ ስረግጥ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ጠጠሩ ሁሉ መርፌ በሚያካክሉ የበረዶ ዘንጎች ላይ ተጭኖ ቆሟል። ፀሐይ ሲነካው ዘንጎቹ ይቀልጡና ጠጠሩ ይወድቃል፤ ማታ እንደገና ይነሣል። ውርጭ የገብስ ቡቃያ ሲያቃጥል እርስዎ ስንት ዘመን አይተዋል፤ ይህኛው ግን ከማቃጠልም አልፎ ከነሥሩ ይነቅላል። በዚያው አካባቢ፣ ድንጋይ ላይ እንደ ስጋጃ ከሚነጠፈው ለስላሳ አረንጓዴ ዕፅ የተሠሩ፣ የዶሮ እንቁላል የማይሞሉ ድቡልቡል ኳሶች ተበታትነው አየሁ። መሬቱ በየሌሊቱ ስለሚያገላብጣቸው የሚጣበቁበት አጥተው በዙሪያቸው ሁሉ ይለመልማሉ። አንዱን አንሥቼ መዳፌ ላይ አዞርኩት፤ ላይና ታች የለውም። ያች ቢጫ አበባም የድንጋይ ጥግ የመረጠችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያ መሬቱ አይናወጥም።

ካዙሃሩ ሚዙኖ የተባሉ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ለክተውታል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1997 ግግሩ በየዓመቱ 3 ሜትር ያህል ሲሸሽ፣ ከዚያ እስከ 2002 ባለው ጊዜ ግን ሽሽቱ በዓመት ወደ 10 ሜትር ደረሰ። ሴኔሲዮዋም እስከ 1984 ድረስ በዓመት 2.7 ሜትር ስትከተለው ቆይታ፣ ከ1997 ወዲህ ባሉት 5 ዓመታት በዓመት 8.8 ሜትር ተራመደች። ቁጥሩን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቦታው ላይ ስቆም ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ፣ ምክንያቱም ቀድሞ መድረስ ሌላ፣ ርስት ማቅናት ሌላ ነው። የእነዚህ የቀደሙት ቅጠልና ሥር በስብሶ፣ ነፋስ ያመጣውን ትቢያ ይዞና እርጥበት አቁሮ አፈር እስኪሆን ድረስ ትልልቆቹ ዕፅዋት ዝቅ ብለው ይጠብቃሉ። ከሚጠብቁት አንዱ የእኛ ጅባራ ዘመድ ነው፤ እንደ ጅባራ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል።

አንድ የሚገርምዎትን ልንገርዎ። በ1997 ከዚያው ከቲንዳል በረዶ ውስጥ የነብር ሬሳ ብቅ አለ፤ ዕድሜው ሲመረመር 900 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ነብር እዚያ ድረስ ምን ፍለጋ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ቢሆኑ «ሽኮኮ ተከትሎ ነዋ!» እንደሚሉ አልጠራጠርም፤ ሽኮኮውስ በሸለቆው ሞልቷል።

ደግሞም የሰሜን ተራሮቻችን ራሳቸው በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበረባቸው። ሲቀልጥ የለቀቀው ገላጣ መሬት ነበርና፣ ጓሳውም ጅባራውም ዛሬ ካሉበት ከፍታ የደረሱት ከበረዶው በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ያ ሁሉ ከፍጥረት ጀምሮ እዚያው የነበረ ይመስለኝ ነበር።

አራቢስ አልፒና በሰሜን ተራሮችም ይበቅላል፤ ቁመቱ አጭር፣ አበባው ነጭና አራት ቅጠል ያለው፣ ውኃ በሚያረጥበው ገደል ሥር የሚወጣ ነው። ሥዕሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። በመጽሐፍ የአማርኛ ስሙን ፈልጌ አጣሁት፤ ከእረኞቹ ወይም ከእርስዎ ዘንድ ስም ካለው፣ በሚቀጥለው ስንደዋወል ይንገሩኝ።

ልጅዎ