ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፦ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን

ይድረስ የሥነ ጥበብ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሠዓሊ ነኝ። ብሩሽ የምይዘው ግን አልፎ አልፎ ነው። የእናቴን ያረጀ ነጠላ ስካን አደርገዋለሁ፣ ጥለቱን ኮምፒውተር ላይ በታትኜ እንደገና እገጣጥመዋለሁ፣ ሸራ ላይ አሳትመዋለሁ፣ ከዚያ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በኪሎ የገዛሁትን የመዳብ ሽቦ በመርፌ እየወጋሁ በላዩ ላይ እሰፋዋለሁ። አንዱ ሥራ ሦስት ወር ይፈጃል። ጣቴ ይቆስላል። ሚክስድ ሚዲያ የምንለው እንዲህ የተለያዩ ቁሶችንና አሠራሮችን አቀላቅሎ የተሠራውን ነው።

ባለፈው ዓመት አንዱን ሥራ ውጭ አገር ለሚካሄድ ኤግዚቢሽን ልልክ ብዬ ፈቃድ ለማውጣት አንድ ቢሮ ሄድኩ። የተሰጠኝ ቅጽ ላይ ያለው ምርጫ ዘይት ቀለም፣ ውሃ ቀለምና ቅርጻ ቅርጽ ብቻ ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ክፉ አልነበረችም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ሸራውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሽቦውን በጣቷ ዳሰሰችው። ገልብጣ ጀርባውን፣ የክሩን ቋጠሮ ሳይቀር አየችና "ታዲያ ምን ብዬ ልሙላው?" አለችኝ። አለቃዋ ዘንድ ገባሁ። እሱ "ይኼ ፕሪንት ነው፣ ሥዕል አይደለም" አለኝ። ሌላ ቦታ ስሄድ ደግሞ ሽቦውን አይተው ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ነው አሉ። እንዲህ ስመላለስ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ለእኔ የተያዘው ግድግዳ ባዶውን ቀረ።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ልጅቷ ቅጹ ላይ የሌለ ነገር ከየት አምጥታ ትሙላ?

ኤልያስ ስሜን ታውቁታላችሁ። ከመርካቶ ከሰበሰበው የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ሽቦ የሠራቸው ሥራዎች በ2014 ዓ.ም. በቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ ዋናው ኤግዚቢሽን ላይ ታይተዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን፣ ማለትም በአገር ስም የሚከፈት የማሳያ ቦታ፣ እዚያው ቬኒስ ላይ ከፈተች። ያን ቀን ደስታውን አልቻልኩትም ነበር። ነገሩ አዲስ ፈሊጥም አይደለም፣ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እኮ ድሮ በዛፍ ልጥና በቆዳ ላይ ሠርቷል።

በኮምፒውተር ብቻ የሚሠሩት ጓደኞቼ ከእኔ የባሰ ይቸገራሉ። "ፕሪንት ከሆነ ማንም ያባዛዋል" ይባላሉ። አሠራሩ እንዲህ አይደለም። ሠዓሊው ገና ሲጀምር ስንት ቅጂ እንደሚያሳትም ይወስናል፣ አምስት ካለ አምስት ነው፣ እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ 1/5፣ 2/5 እያለ ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ አይታተምም። የእንጨትና የብረት ቅርጽ ሕትመት የሚሠሩ ሠዓሊዎች ከድሮም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሕጉም ቢሆን አይከለክለንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠይቀው ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ፣ የሠሪው የራሱ) እንዲሆንና ግዙፍነት እንዲያገኝ (በሐሳብ ሳይቀር በሚታይ ነገር ላይ እንዲሰፍር) ነው። በብሩሽ ይሁን በኮምፒውተር መዳፊት (ማውስ)፣ ጥራቱ ምን ይሁን፣ ብሎ አይመርጥም። ሕጉ የተቀበለንን እኛን ቅጽ ለምን ይመልሰን?

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ለፈቃድ፣ ለውድድርና ለኤግዚቢሽን የሚሞሉ ቅጾች ላይ "ሚክስድ ሚዲያ" እና "ዲጂታል" የሚል መስመር ይጨመር፣ ቅጹ የእናንተ ካልሆነም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አሳውቁልን። ሥራ የሚመረምሩት ሠራተኞችም የኤዲሽን ቁጥር (ያ 1/5፣ 2/5 ያልኩት) እና ፊርማ ምን እንደሆነ የሚያሳያቸው ሰው ያግኙ። ገንዘብ አልጠየቅንም። እኔ ራሴ መጥቼ ላሳይ ዝግጁ ነኝ፣ በነጻ፣ በፈለጋችሁት ቀን።

ያ ሳይሄድ የቀረው ሸራ ቤቴ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሽቦው መታጠፊያው ላይ መሰበር ጀምሯል። በመጪው የካቲት ሌላ ጥሪ ደርሶኛል፣ እስከዚያ ጠግኜው እንደገና ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ሠዓሊ