ለአባቴ፣ ከሳጥኑ ጋር የተላከ

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እናቴስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው አንድ ጠፍጣፋ የካርቶን ሳጥንም ይሰጥዎታል። በሳጥኑ ላይ የተሣለውን የጦር አውሮፕላን አይተው ለልጅ ልጆችዎ የተላከ መጫወቻ እንዳይመስልዎት፤ የተላከው ለእርስዎ ነው። መሰላል መውጣት ካቆሙ ወዲህ «እጄ ሥራ ፈታ» ብለው በስልክ የነገሩኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። እኔም ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ከተመሳሳይ ሁለት ሳጥኖች የመጀመሪያውን ስገጣጥም ከርሜ፣ ይህ ሥራ ከማንም ይልቅ አርባ ዓመት ሙሉ ግድግዳና በር ሲቀባ ለኖረ ሰው የሚገባ መሆኑን ስለተረዳሁ ሁለተኛውን ሳልከፍት ላክሁልዎ። ሳልከፍት ያልሁት ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ስለ እርሱ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።

በውስጡ የሚያገኙት ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬሞችን ነው። ቁርጥራጮቹ እንደ ፍሬ በቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው እያንዳንዳቸው ቁጥር ይዘዋል፤ የትኛው ቁጥር ከየትኛው እንደሚጋጠም በሥዕል የሚያሳይ መምሪያም አለ። አውሮፕላኑ ስፒትፋየር ይባላል። አር. ጄ. ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነድፎት እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1936 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ሰውየው ግን በ1937 በ42 ዓመቱ ስላረፈ፣ በ1938 የእንግሊዝ አየር ኃይል ሲረከበውም ሆነ በኋላ ከሃያ ሺህ በላይ ሆኖ ሲሠራ አላየም። የላክሁልዎ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ስለሆነ የእርስዎ 23 ሴንቲሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ጠረጴዛ አያጣብብም። ይህን የመሰለ ትንሽ ሞዴል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን ከቅርጹ ለይተው እንዲያውቁ ወታደሮችን ለማስተማር ያገለግል ነበርና፣ የጎረቤት ሰው መጥቶ ቢስቅብዎ ይህን ይንገሩልኝ።

አሁን ከሳጥኑ ወደ ጎደለው ነገር ልለፍ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሙጫ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ በአውሮፕላን ይዞ መሄድ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ያለ እርሱ ይሠራሉ። ያኛው ሙጫ ሁለቱን ፕላስቲኮች በጥቂቱ አቅልጦ አንድ ስለሚያደርጋቸው ከብየዳ አይለይም። እርስዎ የሚጠቀሙበት ሱፐር ግሉ ግን አያቀልጥም፤ በመካከላቸው ገብቶ ይደርቃል፤ ያውም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ስለሚይዝ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ከጠርሙሱ በቀጥታ አያፍስሱት፤ አንድ ጠብታ ካርቶን ላይ ጠብ አድርገው በመርፌ ጫፍ እየነኩ ያስኪዱት። ጠንክሮ ካደረ ከፕላስቲኩ የበለጠ ስለሚጠጥር፣ የተረፈውን በዚያው ቀን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። የአብራሪውን መስታወት ግን በፍጹም በእርሱ አያጣብቁ፤ ትነቱ ብቻ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ እንደ ጉም ነጭ ያደርገዋል። ለመስታወቱ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ ከጠርዙ ያፈተለከውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ቀለሞቹ በውኃ የሚቀጥኑ ስለሆኑ ሊላኩ ችለዋል። እባክዎ እጅዎ የለመደውን ቲነር ወደዚህ ሥራ አያምጡት፤ ፖሊስታይሪን የሚባለውን ይህን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ብሩሽ ለማጠብም ውኃ ይበቃል።

አባቴ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በትምህርት ዕረፍት አብሬዎ ስሠራ የሆነውን ያስታውሱ ይሆን? በአንድ ግድግዳ ላይ የነበረውን ስንጥቅ በስቱኮ ሳልሞላ፣ ሦስት ጊዜ ቀለም ከደራረብሁበት ይጠፋል ብዬ ቀባሁት። ከፊት ለፊት ሲታይ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። እርስዎ ምንም ሳይናገሩ አምፖሉን በገመዱ አንሥተው ከግድግዳው ጎን አስጠጉት፤ ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች ጥላውን ጥሎ ታየ። «ቀለም አይሸፍንም፤ ያሳብቃል» ብለው መፋቂያውን ሰጡኝ። ያን ቀን ክፉኛ አዝኜብዎ ነበር፤ ጥቂት ሴኮንድ የፈጀ ንግግር የግማሽ ቀን ሥራ አስፈረደብኝ።

የመጀመሪያውን አውሮፕላን ስሠራ ያንኑ ደገምሁት። የአውሮፕላኑ ገላ ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ሲገጠም ከመስታወቱ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ጭራው የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር በጀርባው ላይ ይቀራል። እውነተኛው ስፒትፋየር በዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ቦይ የለውም። እኔ ግን ቀለም ለማየት ቸኩዬ ስለነበር በአንድ ማታ ገጥሜ በማግስቱ ቀባሁት፤ አምሮብኝም ነበር። በሦስተኛው ማታ የጠረጴዛዬን መብራት ወደ ጎን ሳዞር ያ መስመር እንደ ጠባሳ ተጋድሞ አየሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ እርስዎ ሳልነግርዎ ያውቁታል። ቀለሙን በሙሉ በአልኮል እያራስሁ ፍቄ አነሣሁት፤ ሰባት ማታ ፈጀብኝ፤ በዚህ ጊዜ የሚያዝኑብኝ ሰው አጠገቤ አልነበሩም።

ስለዚህ የቅድሚያውን ሥራ እንደ ግድግዳ ዝግጅት ይያዙት። ፍሬሞቹን መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ሲወጡ የተቀቡት ቅባት ካልተወገደ ቀለም አይዝም። ቁርጥራጭን ከፍሬሙ በእጅ አይንቀሉ፤ ከቁርጥራጩ ራቅ አድርገው በመቁረጫ ቆርጠው የተረፈውን በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። የአብራሪው ክፍል ገላው ከተገጠመ በኋላ ብሩሽ ስለማያስገባ፣ መቀመጫውና ግድግዳው በቅድሚያ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ግራጫ ይቀባሉ። ገላው ከተገጠመ በኋላ መጋጠሚያውን በስቱኮ ይሙሉ፣ ይሞርዱ፣ ግራጫውን ፕራይመር ያስነኩት፣ ከዚያም መብራት በጎን ያስጠጉ። መስመሩ ካሳበቀ እንደገና ይሞርዱት። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሠራው አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ የእርስዎ እጅ ምናልባት በሁለቱ ይጨርሳል።

ቀለሙ ላይ ሲደርሱ አንድ ሒሳብ ያስቡልኝ። በግድግዳ ላይ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ የሚሆን ውፍረት ማንም አያየውም። በዚህ አውሮፕላን ላይ ግን ያ ውፍረት በ48 ሲባዛ ወደ አምስት ሚሊሜትር የሚጠጋ ይሆናል፤ እንደዚያ በወፈረ ቀለም የተለበጠ አውሮፕላን መነሣቱንም እጠራጠራለሁ። በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮችም ይደፈናሉ። ስለዚህ ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥነው፣ ጠፍጣፋ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ። የመጀመሪያው ቅብ አስቀያሚ ይሆናል፤ ሥሩ ይታያል፤ ተመልሰው እንዳይነኩት። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያስከትሉ። እዚህ ብዙዎች በትንሽ ኮምፕሬሰር እየነፉ ይቀባሉ፤ ሥራቸው ልስልስ ያለ ነው። እኔ ግን በብሩሽ ቀጥ አድርጎ መቀባትን ከእርስዎ ያየሁ ሰው ስለሆንሁ በብሩሽ ጸናሁ።

እ.ኤ.አ. በ1940 ስፒትፋየር ከላይ በቡናማና በጥቁር አረንጓዴ፣ ከሆዱ ደግሞ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ፈዛዛ የሰማይ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ከላይ ሲታይ ከመሬት፣ ከታች ሲታይ ከሰማይ እንዲመሳሰል ነው። የላይኞቹ ሁለት ቀለሞች እንደ ካርታ ተጠማዝዘው ይገናኛሉ፤ መምሪያው ላይ ወሰናቸው በሙሉ ተሥሏል። የአሠራሩ ሥርዓት «ኤ» እና «ቢ» የተባሉ ሁለት ንድፎች ነበሩት፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ግልባጭ ነው፤ በኤ ቡናማው በግራ ከሆነ በቢ በቀኝ ይሆናል። የእኔን በኤ ቀብቼዋለሁ። የእርስዎን በቢ ቢቀቡልኝ ደስ ይለኛል፤ አንድ ቀን ጎን ለጎን ሲቆሙ እንዲተያዩ። የሁለቱ ቀለሞች ጠርዝ በእውነተኛው ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ቢደበዝዝ እንኳ በእርስዎ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ በብሩሽ የሚወጣው ጥርት ያለ ጠርዝ ስሕተት አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ለእርስዎም እንግዳ ይሆናል። የአውሮፕላኑ መለያ የሆኑት ክቦችና ፊደሎች በቀለም አይጻፉም፤ እጅግ ስስ በሆነ ልባስ ላይ ታትመው ተለጣፊ ሆነው መጥተዋል። ቆርጠው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያቆዩአቸው፤ ከወረቀቱ ሲላቀቁ በወረንጦ ይዘው ወደ ቦታቸው ያንሸራትቱ። ታዲያ ተለጣፊው ከመቀመጡ በፊት አውሮፕላኑ በሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ መቀባት አለበት። የማያብረቀርቅ ቀለም በዓይን ባይታይም ገጹ ሻካራ ነው፤ ተለጣፊው በሻካራው ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ አየር ይታፈንና በብርሃን እንደ ብር እያንጸባረቀ ውሸቱን ያጋልጣል። ከተለጠፈ በኋላ የማያብረቀርቀው ቫርኒሽ በላዩ ሲያርፍ ሁሉም አንድ ወጥ ይሆናል።

ስለ ማስረጀት ጥቂት ልበል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ያበዙታልና። አዲስ አውሮፕላን እንዳይመስል ቀለሙ የተላጠ ለማስመሰል በብርማ ቀለም ነካ ነካ ያደርጋሉ፤ አንዳንዱ ከቆሻሻ መጣያ የተነሣ እስኪመስል ድረስ። አብራሪው የሚገባው በግራ በኩል ስለሆነ የግራው ክንፍ ሥር በጫማ ቢፋቅ ያሳምናል። ነገር ግን የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎችና በዚያ ዘመን የክንፉ ጫፍ ማዘንበያዎች በጨርቅ የተሸፈኑ ነበሩ፤ ጨርቅ ቢላጥ ብረት አያወጣም። በክንፉ ግንባር ላይ ደግሞ የስምንቱ መትረየስ አፎች ቆሻሻና ቅዝቃዜ እንዳይገባባቸው በቀይ ጨርቅ ይለበጡ ነበር። ቀዩን ጨርቅ ደህና አድርገው ከለጠፉት ከክንፉ ሥር የባሩድ ጥቀርሻ አይቀቡ፤ አውሮፕላንዎ ገና አልተኮሰምና።

አሁን ኑዛዜዬ። ከግራው ክንፍ ሥር ወደ ፊት የምትወጣ፣ የአየር ፍጥነት የምትለካ ቀጭን ቱቦ አለች። የእኔዋ ከወረንጦዬ ተፈናጥራ ወለሉ ላይ ጠፋች፤ ሁለት ማታ ተንበርክኬ ፈልጌ አላገኘኋትም። ከዚያ የእርስዎን ሳጥን ከፍቼ የእርስዎን ወሰድሁ። ስለዚህ ያቺ ቁጥር ብትጎድልብዎት ፋብሪካውን አይርገሙ። የምትሠራበት መንገድ አለ፤ ከቁርጥራጮቹ የተረፈውን ባዶ ፍሬም በሁለት እጅዎ ይዘው ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርገው ያሙቁት፤ ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቀው በዝግታ ይጎትቱት። እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣል፤ በፍጥነት ከጎተቱት እንደ ጸጉር ይሰልላል፤ ከዘገዩ ይወፍራል። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ አበላሸሁት፤ ለዚያ ነው ከእርስዎ የወሰድሁት። ከበቂ በላይ ፍሬም ይተርፍዎታልና፣ ሁለት ካወጡ አንዷን በዚያው ሰው እጅ ይላኩልኝ፤ የእርስዎን ሥራ በእኔው ላይ ልተክልበት።

ልጅዎ