ጉዳዩ፦ ሳይቀመጥ ስለቀረው የስዊች ኮንፊገሬሽን እና ስለተከለከልነው ፓስወርድ

ለኔትወርክ ተከላና ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ጣና ዳር ካለው ሆቴላችን ነው። እዚህ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚመለከተው እኔን ነው። በስልክ የተናገርኩት ሁሉ ስልክ ላይ ስለቀረ አሁን በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

ከጥምቀት በፊት ቴክኒሻናችሁ መጥቶ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያገናኘውን ዋናውን የሲስኮ ስዊች በሦስት ቪላን፣ ማለትም ተለያይተው በሚሠሩ ሦስት ኔትወርኮች፣ ከፈለው፤ አንዱ ለእንግዳ ዋይፋይ፣ አንዱ ለሪሴፕሽንና ለሒሳብ ክፍል፣ አንዱ ለካሜራ። ልጁ እጁ ፈጣን ነው። ላፕቶፑን በኮንሶል ኬብል አገናኝቶ ትእዛዙን ሲደረድረው ማየት ደስ ይላል። ሁሉም ሠራ። ፈርመን ተረከብን፣ ከፈልን።

በበዓሉ ሰሞን፣ ክፍሎቹ ሞልተው ሳለ፣ ማታ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ፣ የመጠባበቂያ ባትሪው፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አልቆየም። ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ ተለያይቶ የነበረው ሁሉ ተደባለቀ። እንዴት እንዳወቅን ልንገራችሁ። አንድ እንግዳ ከስልኩ ፎቶ ሊያትም ሲሞክር የሒሳብ ክፍላችን ፕሪንተር መጣለት፤ እሱም አተመ። ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛችን ቢሮ ስትገባ ጀልባ ላይ የተነሱ የማታውቃቸው ሰዎች ጠበቋት። ስቀናል። ነገር ግን እንግዳ በስልኩ ፕሪንተሩን ካገኘ፣ ክፉ ያሰበ ሰው የካሸሯን ኮምፒውተር የማያገኝበት ምክንያት የለም።

ቢሯችሁ ስንደውል የተሰጠን መልስ «መብራት ስለጠፋ ሴቲንጉ ሄደ፤ ለመመለስ እንደ አዲስ ሥራ ይከፈላል» የሚል ነው። ይህን አልቀበልም።

እናንተ የምታውቁትን ልድገመው። ይህ ስዊች ሁለት ኮንፊገሬሽን፣ ማለትም ሁለት የሴቲንግ መዝገብ፣ አለው። ረኒንግ ኮንፊግ አሁን የሚሠራበት ነው፤ ራም ላይ ስላለ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ስታርትአፕ ኮንፊግ ሲነሳ የሚያነበው ነው፤ መብራት ሄደ መጣ ግድ የለውም። ትእዛዝ ሲጻፍ የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ወደ ሁለተኛው የሚገለበጠው ሰው «ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» ሲል ነው፤ የቸኮለ ደግሞ «ራይት» ብሎ ይጨርሰዋል። አንዲት መስመር ናት! ባሕር ዳር መብራት እንደሚጠፋ ደግሞ ለእናንተ አይነገርም፤ ቢሯችሁም እዚሁ ነው።

ማስረጃም አለኝ። ሴቲንግ ለመለወጥ የሚያስገባው የኢኔብል ፓስወርድ ስለሌለን በተራ ተጠቃሚ ደረጃ ገብቼ «ሾው ቪላን ብሪፍ» ብዬ የቪላኖቹን ዝርዝር አየሁ። ሦስቱ ቪላኖች ከነስማቸው አሉ። ፖርቶቹ፣ የኬብል መሰኪያዎቹ፣ ግን በሙሉ ስዊቹ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው ቪላን 1 ሥር ተሰልፈዋል። ስሞቹ የተረፉት መብራት ሲሄድ በማይጠፋው ማከማቻ፣ ፍላሹ ላይ፣ «ቪላን ዶት ዳት» በሚባል ፋይል ስለሚቀመጡ ነው። የትኛው ፖርት የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚጻፈው ኮንፊጉ ውስጥ ነው፤ እሱ ነው የጠፋው። እንግዲህ ሥራው ተሠርቷል፣ ሴቭ አልተደረገም። መብራቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ይህን ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይብሳል። የኢኔብል ፓስወርዱን ስንጠይቅ «አሠራራችን አይፈቅድም» ተባልን። ስዊቹን የገዛነው እኛ ነን፤ ደረሰኙ እጃችን ላይ አለ። ፓስወርዱ ቢኖረኝ ያኔውኑ ራሴ አስተካክለው ነበር። ደጋግሜ ብጠይቅም ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ሞድ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ፓስወርዱን ማለፍ እንደሚቻል አላጣሁትም። ግን ለምን ብዬ ነው የገዛ ቤቴ በመስኮት የምገባው?

በዚያ ላይ ስዊቹ በቴልኔት የግንኙነት ቁጥር፣ ፖርት 23 ላይ፣ ይመልሳል፤ እየመሰጠረ በሚልከው በኤስኤስኤች ቁጥር፣ 22 ላይ፣ ዝም ይላል። ከርቀት የምትገቡት በቴልኔት ነው ማለት ነው። ቴልኔት ፓስወርድን ሳይመሰጥር እንደሚልክ ለባለሙያ አላስረዳም። ለእኛ የተከለከለው ፓስወርድ ኔትወርኩ ላይ ግልጹን ይጓዛል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ፖርቶቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደየቪላናቸው ይመለሱ። እኔ ባለሁበት ሴቭ ይደረግና እዚያው ቆመን «ሪሎድ» እንበለው፤ ተነስቶ ሁሉም በቦታው ካለ እፈርማለሁ። ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፤ እንግዶቹ ወደ ዘጌ በጀልባ ሲወጡ ዋይፋይ ጠያቂው ይቀንሳል። የኮንፊጉ ቅጂ በኔትወርክ ፋይል በሚላክበት በቲኤፍቲፒ ወደ እኔ ኮምፒውተር ይገልበጥ። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጃችን ይሰጥ። ቴልኔቱ ተዘግቶ ኤስኤስኤች ይከፈት፤ የስዊቹ ሶፍትዌር ኤስኤስኤች የማይችል ከሆነም በጽሑፍ አሳውቁን።

ልጁን እንድትቀጡት አልጻፍኩም፤ እሱው ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለኛል። የከፋኝ ሥራ ሲያልቅ ማንም ሳያረጋግጥ የሚያስፈርም አሠራራችሁ ነው።

መልሳችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። እስከዚያ የጥገና ውሉ ቀሪ ክፍያ እንዲያዝ ለሒሳብ ክፍል አሳውቄያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሆቴሉ የአይቲ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ
ለሒሳብ ክፍል