ሪሲቨሩን ለጆሮህ ግዛው

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ከተጠፋፋን ስንት ክረምት አለፈ! እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራና ልጆች እየተባለ ዓመቱ ይሄዳል እንጂ አንተ ከሐሳቤ ወጥተህ አታውቅም። ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ታላቅ እህትህን አገኘኋትና ስለ አንተ ስናወራ አመሸን። ኮንዶሚኒየሙ እንደደረሰህ፣ ባለ 55 ኢንች 4ኬ ቲቪ እንደገዛህ፣ አሁን ደግሞ ሳሎኑን ሲኒማ ቤት ልታደርገው እንደተነሳህ ነገረችኝ። በጣም ደስ አለኝ። "ምስሉን ወደ 4ኬ የሚያሳድግ ሪሲቨር ይዘሽልኝ ነይ" ብለሃታል። እሷም የቱን ልግዛ ብላ እኔን ጠየቀችኝ። በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

መጀመሪያ፣ ከዚህ ተሸክማ እንዳትመጣ ነግሬአታለሁ። አሜሪካ የሚሸጠው ስፒከር የሚነዳ ሪሲቨር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ አገር መብራት 220 ነው። ሳታውቅ ብትሰካው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር አለ ትለኝ ይሆናል። አለ፣ ግን ራሱ ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ቦታ ይይዛል። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለህ እሱን ጠይቅ። እዚያ የሚሸጠው እንደኛ በ220ዎቹ ቮልትና በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ ሶኬቱ ብቻ የእንግሊዝ ዓይነት ባለ ሦስት እግር ስለሆነ አዳፕተር ይፈልጋል። ከመክፈላችሁ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት በዓይናችሁ አንብቡ። ስታብላይዘርም አብረህ ግዛ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገባው ኃይል እንዲህ ያለውን ዕቃ ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የማወራው ስለ ዲሽ ሪሲቨር ሳይሆን ስፒከሮቹን ስለሚነዳውና ዲሹን፣ ዲቪዲውን፣ ጌሙን ሰብስቦ ወደ ቲቪ ስለሚያሳልፈው ዕቃ ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ ምስል ያሳድጋል ብለህ ሪሲቨር አትግዛ። ለድምፁ ግዛው። ምስሉን ለቲቪህ ተውለት።

ለምን መሰለህ? ዲቪዲ በኛ አገሩ በፓል አሠራር 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ወደ 415 ሺህ ነጥብ ይመጣል። ያንተ ቲቪ 3840 በ2160 ነው፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ቲቪው የተቀበለው ምንም ይሁን ምን ሁሉንም ነጥብ መሙላት አለበት። ስለዚህ ከ20 ነጥብ 19ኙን ከጎረቤቶቹ እያየ ራሱ ይገምታል ማለት ነው። አፕስኬሊንግ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ካሜራው ያልቀረጸውን ዝርዝር የትኛውም መሣሪያ መልሶ ሊያመጣው አይችልም። ጥሩው መሣሪያ ግምቱን ዓይን ሳይረብሽ ይሠራዋል፣ መጥፎው ጠርዙን ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሪሲቨር ለምስል ይገዛ የነበረበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ የቲቪዎቹ አሠራር ገና ደካማ ስለነበር እንደ ኦንክዮ ቲኤክስ-ኤስአር875 ያሉት ሪሲቨሮች ሬዮን የሚባል የምስል ቺፕ ይዘው ወጡ፤ ሰውም ለዚያ ሲል ገንዘቡን አወጣ። በጊዜው ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ደህና የሚባል 4ኬ ቲቪ ይህንን ሥራ ከመካከለኛ ሪሲቨር በተሻለ ይሠራዋል። ሁለቱም እንዲሠሩት ከተውካቸው ደግሞ ይበላሻል። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ወጥ ላይ ጨው ሲጨምር እንደሚሆነው ነው። ሪሲቨሩ ጠርዙን ያጎላል፣ ቲቪው የጎላውን ጠርዝ እንደገና ያጎላዋል፣ ከዚያ በሰው ፊት ዙሪያ ነጭ መስመር ታያለህ። ስለዚህ የሪሲቨሩን ዝጋው። ያማሃ ከሆነ የቪዲዮ ሞድ የሚለውን "ዳይሬክት" ላይ አድርገው። ዴኖን ከሆነ "አይ/ፒ ስኬለር" የሚለውን "ኦፍ" በለው። ቲቪው ላይም ሻርፕነሱን፣ ጠርዝ የሚያጎላውን ማስተካከያ፣ ቀንሰው። በአብዛኛው ቲቪ ምስሉን ሳይነካ የሚያሳልፈው ዜሮው አካባቢ ነው፤ ሶኒ ከሆነ ግን 50 ላይ ነው።

አንድ ስሌት ደግሞ ልንገርህ፣ ሐሳብህን ያቀልልሃል። ጤነኛ ዓይን ሊለይ የሚችለው ትንሽነት ወሰን አለው። በ55 ኢንች ቲቪ ላይ ከ2 ሜትር ከ20 ገደማ በላይ ርቀህ ከተቀመጥክ የ1080ውን፣ ማለትም ከ4ኬ በታች ያለውን የ1920 በ1080 ምስል፣ ነጥቦች እንኳ አንድ በአንድ መለየት አትችልም፣ 4ኬማ ይቅር። እህትህ እንዳለችኝ ሶፋህ ከቲቪው 3 ሜትር ይርቃል። ለምስል ማሳደጊያ የምትከፍለው ብር አብዛኛው ዓይንህ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ካሴቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እህትህ የሰርጓን ቪዲዮ በትልቁ ስክሪን ማየት እንደምትፈልግ ስታወራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባባ ነፍሳቸውን ይማርና እዚያ ካሴት ላይ እስክስታ ሲወርዱ አሉ። እኔም አስታውሳለሁ፤ ሚዜዎቹ ሁሉ ቆመን ስናጨበጭብላቸው ነበር። ለዚህ ካሴት ስል ነው እንዲህ የምዘረዝርልህ።

የድሮ ቪዲዮ ሙሉ ምስል በአንድ ጊዜ አይልክም። በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚልከው፤ አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ፣ ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ መስመሮችን። በሁለቱ ግማሾች መካከል የሰከንድ ሃምሳኛ ያልፋል። ሰው ቆሞ ሲያወራ ይህ አይታወቅም። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ግን ትከሻው በአንዱ ግማሽ ላይ እዚህ፣ በሌላው ላይ እዚያ ነው። ሁለቱን ዝም ብሎ የሚያጋጥም መሣሪያ የአባባን ትከሻ በአግድም መስመር ይሰነጣጥቀዋል። ጥሩው መሣሪያ የቆመውን ከሚንቀሳቀሰው ለይቶ፣ የቆመውን አጋጥሞ፣ የሚንቀሳቀሰውን ለብቻው ይሞላል። ስለዚህ የሚሸጥልህ ሰው ሱቅ ውስጥ የተራራና የአበባ ቪዲዮ ሲያሳይህ አትመን። እስክስታ ያለበት የድሮ ሰርግ በፍላሽ ይዘህ ሂድና አስከፍተው። መጀመሪያ ትከሻውን እይ። ቀጥሎ የሴቶቹን ቀሚስ ጥለት እይ፤ ሲራመዱ ጥለቱ ከተብለጨለጨና ጠርዙ ከተቆራረጠ ያ መሣሪያ አይሆንህም። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ዴኩን በቀጥታ ከቲቪው ጋር ማገናኘት ላይሳካልህ ይችላል፤ ብዙ አዳዲስ ቲቪዎች ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያውን ትተውታል። ከዚያ ከድሮው (አናሎግ) መሰኪያ ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ምስልና ድምፅ በአንድ ኬብል ወደሚያልፍበት፣ የሚለውጥ ሪሲቨር ካገኘህ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅምሃል። ይልቁንስ ካሴቱን በቶሎ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠው። ካሴት ዕድሜው ውስን ነው፣ በተመላለሰ ቁጥር ይበላል። ስታስገለብጥ በ720 በ576፣ ሁለቱ ግማሾች ሳይጋጠሙ እንዳሉ ይቀመጡልኝ በል። ያንን ዋና ቅጂ አትንካው። ከእሱ ላይ በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል የሚሆን ሌላ ቅጂ ይሠራልህ፤ የአባባ ትከሻ ያኔ ሳይሰነጣጠቅ ይፈሳል። ካሴቱ በ4 ለ3 ቅርጽ የተቀረጸ ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን እንጂ እንዳትለጥጠው። ሲለጠጥ ሙሽራዋም አባባም አጭርና ወፍራም ይሆናሉ።

ከኢንተርኔት የምታየው ከበዛ ደግሞ ኤንቪዲያ ሺልድ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ 720ውንና 1080ውን ወደ 4ኬ ያሳድጋል፤ ደህና ነው። ለካሴቱ ግን አትጠብቀው።

እንግዲህ ሪሲቨሩ። ከምስል በኩል የምትጠይቀው 4ኬውን ሳይነካ እንዲያሳልፍ ብቻ ነው፤ ለዚህ ኤችዲኤምአይ 2.0 እና ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለው የቅጂ መከላከያ ይበቃሉ። ልጆቹ አዲስ ጌም ካላቸው ኤችዲኤምአይ 2.1 ይሁን። ኢ-አርክ የሚለው ይኑረው። ቲቪው ውስጥ ያለው አፕ ያወጣውን ድምፅ በአንድ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው እሱ ነው።

በዋት አትሸወድ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድ ስፒከር ብቻ ሲሠራ፣ ድምፁም እየተበላሸ የተለካ ነው። ሁለት ስፒከር አብረው ሲሠሩ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ፣ በ8 ኦም የሚለውን መስመር ፈልግ። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ነው። ለሳሎንህ 80 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

የተረፈህን ብር መሀል ላይ የሚቀመጠው ስፒከር ላይ አውለው። ፊልም ላይ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከሱ ነው። የኛ ፊልሞችና ዩቲዩብ ላይ ያሉት ድራማዎች ብዙዎቹ በሁለት ቻናል ነው የሚቀረጹት፤ ሪሲቨሩ ላይ "ዶልቢ ሰራውንድ" የሚለውን ስትመርጥ ንግግሩን ለይቶ ወደ መሀል ያመጣዋል። እናታችን አጠገባቸው ያለው ሰው የሚለውን ሳይጠይቁ ድራማቸውን ይከታተላሉ። ሪሲቨሩ ድምፁን ከክፍሉ ጋር የሚያስማማበት ማይክ ይዞ ይመጣል። ማይኩን በእጅህ አትያዘው፤ ስትቀመጥ ጆሮህ በሚሆንበት ከፍታ አስቁመው፣ ፍሪጁን ንቀል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይበል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ አድርግበት።

ሳብዉፈሩን፣ ዝቅተኛውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር፣ አነስ ያለ ግዛ፣ ማታ ደግሞ ቀንሰው። የኮንዶሚኒየም ወለል ዝቅተኛውን ድምፅ ቀጥታ ለታችኛው ጎረቤት ያደርሰዋል። ዴኖን ላይ "ዳይናሚክ ቮልዩም" የሚባለው ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርግልሃል። ከጎረቤት ጋር በሰላም ያኖራል።

አሁን ቲቪህን ከጀርባው ፎቶ አንሣና ላክልኝ፣ መሰኪያዎቹ በደንብ ይታዩ። የሳሎኑን ርዝመትና ስፋትም ለካ። እኔ በዚያ ልክ ሁለት ሦስት ሞዴል መርጬ እጽፍልሃለሁ፣ ዱባይ ላለውም ሰው ትነግረዋለህ። ካሴቱን የሚገለብጥ ሰው ካጣህ እህትህ ስትመለስ ይዛልኝ ትምጣ፤ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ፣ ቅጂውንም ለሁላችሁም እልካለሁ። እናታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹን አቅፈህ ሳምልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ