ለወዳጄ፣ ስለ ፍየሏ መጽሐፍ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ምክንያቱን ልደርድር ብል ወረቀቱ እዚያው ላይ ስለሚያልቅ ልለፈው። ከስንት ጊዜ በኋላ ስጽፍልሽ ጉዳይ ይዤ መምጣቴ ቢከብደኝም፣ ይህን ጭንቀት እንደ አንቺ የሚረዳልኝ ሰው አላገኘሁም።

የፍየሏ መጽሐፍ ታተመች። አዎን፣ «ጆሮዋ የአህያ ነው» እያልሽ ስትስቂባት የኖርሽው ያችው ፍየል ናት፤ ጆሮዋንም አላሳጠርኩትም። በ32 ገጽ፣ በሙሉ ቀለም ወጥታ ካርቶኖቿ ሳሎን መስኮት ሥር ተደርድረዋል። ደስታዬን በቃል ልነግርሽ አልችልም። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከኅትመት በኋላ የሚጀምረው ሥራ፣ ማስተዋወቁ ነው።

የልጆች መጽሐፍ የሚገዛው ሌላ፣ የሚያነበው ሌላ ነው። ገና ማተሚያ ቤት ሳልገባ በአንድ መጽሐፍ መደብር ቆሜ ገዢዎችን እመለከት ነበር። አንዲት እናት ተረት መጽሐፍ አነሳች፤ መጀመሪያ ዋጋውን አየች፣ ቀጥላ ገልብጣ የጀርባውን ጽሑፍ ፈለገች፣ ከዚያም «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሻጩ አላወቀም፤ ሽፋኑም አይናገርም፤ እናትየዋ መጽሐፉን መልሳ ሄደች። የእኔ ሽፋን ላይ «ከ4 እስከ 7 ዓመት» ተብሎ በጉልህ የተጻፈው በእርሷ ምክንያት ነው። አባቶች ደግሞ አብዝተው የሚጠይቁት «ምን ያስተምራል?» ብለው ነው፤ ልጁ ግን «ከዚያስ?» ብቻ ነው የሚለው። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መልስ መስጠት እንዴት እንደሚያደክም አንቺ አስተማሪ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ።

መደብሮቹ የሚቀበሉት ሲሸጥ ሊከፍሉ ነው፤ በዚህ አልከፋም፣ የተለመደ አሠራር ነው። የሚከፋኝ የመደርደሪያው ነገር ነው። መጽሐፏ ስስ ስለሆነች ርዕስ የሚጻፍበት ወርድ የላትም፤ በጎኗ ካቆሟት ማንም አያያትም፣ ፊቷን አዙረው ሊያስቀምጧት ደግሞ ቦታ ይሳሳሉ። አንድ አዟሪ በክንዱ የተሸከመውን ክምር እያሳየኝ «እናቴ፣ ይቺ ከወፍራሞቹ መሃል ትጠፋብኛለች» አለኝ። እውነቱን ነው።

ወዳጆቼ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር አዳራሽ ደግሰሽ አስመርቂ ይሉኛል። እኔ አልፈለግሁም። ምረቃ ለትልልቅ ሰዎች መጽሐፍ ያምራል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሦስት ምሁራን ንግግር አድርገው እስኪጨርሱ አይጠብቅም፤ እናቱ ትቅበጠበጣለች፣ መጽሐፏም ሳትነበብ ትመረቃለች። በዚያ ፈንታ በሰፈራችን ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስፈቅጄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ፍየሏ ገደሉ አፋፍ ስትደርስ ገጹን ሳልገልጥ ዝም አልኩ። አንዲት ሕፃን ተንፏቅቃ መጣችና የገጹን ጥግ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ራሷ ገለጠችው። መምህርቷ አስቀድማ በየልጁ ኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ ርዕሱና ዋጋው የተጻፈበትን ትንሽ የማዘዣ ወረቀት ለጥፋልኝ ነበር፤ በማግሥቱ ከወላጆች ብዙ ትእዛዝ መጣ። ለልጆች መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አለ ብዬ አላምንም፤ ልጁ ሰምቶ ወድዶ ቤቱ ሲገባ እናቱን የሚያሳምናት እርሱ ነው።

ግን ከተማው ሰፊ ነው፤ እኔ ደግሞ አንዲት ሴት ነኝ። ስለዚህ ሁሉም «ቲክቶክ ላይ ውጪ» ይለኛል። እዚህ ላይ ነው የምፈራው፤ ላንቺ ብቻ ልናገር። ሥራዬን አውጥቼ ሳሳይ አልተሸማቀቅሁም፤ ፊቴን አሳይቼ «ግዙልኝ» ማለት ግን እንደ ልመና ሆኖ ይሰማኛል፤ ያሳደጉን ሰዎች ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለው አይደል ያሳደጉን? ነገር ግን አባባ ተስፋዬን አስቢያቸው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ያየናቸው በፊታቸውና በድምፃቸው ነበር፤ ማንም ራሳቸውን አስተዋወቁ አላላቸውም፣ ለእኛ ለልጆቹ የመጡ ነበሩና። እኔም እያነበብኩ ብቻ ልቀረጽ፣ ስለ ሽያጩ ደግሞ ከሥር በጽሑፍ ይነገር የሚል ሐሳብ አለኝ። ምን ይመስልሻል? እንደ ልማድሽ ሳትሸነግይ ንገሪኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። እንግሊዛዊቷ የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ቢያትሪክስ ፖተር አሳታሚዎች እንቢ ሲሏት የጥንቸሉን ታሪክ በ1901 እ.ኤ.አ. በራሷ ገንዘብ በ250 ቅጂ ማሳተሟን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጥንቸሉን አሻንጉሊት በእጇ ሰፍታ በስሟ ማስመዝገቧን አንብቤ ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። በትምህርት ሰዓት ከዴስክ ሥር ዳንቴል ስትሠሪ የኖርሽ ሰው ፍየል መሥራት አያቅትሽም። በንባብ ጊዜ ልጆቹ የሚቀባበሏት፣ በእጅ የምትያዝ ፍየል ያስፈልገኛል፤ ጆሮዋን እንደ ሥዕሉ አርዝሚው፣ እባክሽ አትከራከሪኝ።

ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለምታስተምሪያቸው ልጆች አንብቢላቸውና የት ገጽ ላይ እንደሰለቹ ጻፊልኝ። እዚያ አሜሪካ ያሉ ወላጆች የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እየፈለጉ እንደሚያጡ ደጋግመሽ ነግረሽኛል፤ ሆኖም ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅ ዓረፍተ ነገሮቼን መከተል መቻሉን ሳላውቅ ለእነርሱ ብዬ ማስተዋወቅ አልደፍርም። ከቻልሽ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ሰሞን በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ፣ ጠረጴዛ ከሚዘረጉት ነጋዴዎች ከአንዱ ጋር መጽሐፏን ብታስቀምጪልኝ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነ ግን አትጨነቂ፣ ንባቡ ይበልጥብኛል።

የአክስቴ ልጅ በሰኔ መጀመሪያ ወደ እናንተ ትበራለች፤ ከሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣዎቿ የአንዱን ግማሽ ሰጥታኛለች። በርበሬና ሽሮም የሚያሻሽ ከሆነ መጽሐፉን ቀንሼ ቦታ እንድተውልሽ ቶሎ አሳውቂኝ።

ናፋቂሽ